ያለ ስሙ ስም የተሰጠው ሥዕል፦ ፎርጅድን ስለ መለየትና በጥንቃቄ ስለ መግዛት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎርጅድ፣ ቅጂ እና በስህተት ስም የተሰጠው ሥራ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ፎርጅድ የሚባለው ገዢን ለማታለል ታስቦ የተሠራ ወይም የተለወጠ ሥራ ነው። ቅጂ በራሱ ነውር የለበትም፤ ሠዓሊዎች ለዘመናት የታላላቆችን ሥራ እየገለበጡ ነው እጃቸውን ያፍታቱት። ወንጀል የሚሆነው አንዱ ተነሥቶ ፊርማ ሲጨምርበት ወይም «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ሲሸጠው ነው። ሦስተኛው ግን ማንም ሳይዋሽ ይፈጠራል። የተማሪው ሥራ በመምህሩ ስም ይመዘገባል፣ ከእጅ እጅ ይሻገራል፣ ከመቶ ዓመት በኋላ ሻጩም ከልቡ አምኖበት ገበያ ያወጣዋል።

ስለ ፎርጅድ ብዙ ይወራል፤ በድሮ ሥዕሎች ላይ ግን ገዢን ይበልጥ የሚጎዳው ይህ ሦስተኛው ነው። የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሆላንዳዊ ሠዓሊ ሬምብራንትን ይውሰዱ። በ1935 የሥነ ጥበብ አጥኚው አብርሃም ብሬዲየስ ባወጣው ካታሎግ ከ600 በላይ ሥዕሎች የእሱ ተብለው ነበር። በ1968 የተጀመረው የሬምብራንት የምርምር ፕሮጀክት ሲያጣራ ቁጥሩ ወደ 350 ገደማ ወረደ። በርሊን የሚገኘው ዝነኛው «የወርቅ ቁር የደፋው ሰው» ከዝርዝሩ ከወጡት አንዱ ነው። ሥዕሉ ፎርጅድ አይደለም፤ ዘመኑም የሬምብራንት ዘመን ነው፤ እጁ ግን በዙሪያው ከነበሩት የአንዱ ነው። ሙዚየም ውስጥ ላለ ሥዕል ይህ የስም ለውጥ ነው፤ ለግል ባለቤት ግን አብዛኛው ዋጋ ባንድ ቀን ጠፋ ማለት ነው።

ፊርማ ካለበት አይበቃም?

አይበቃም። በአንድ ሥዕል ላይ ለማስመሰል ከሁሉ የሚቀለው ፊርማው ነው። ብዙ ፎርጅድ የሚባሉ ሥዕሎች ደግሞ በዘመናቸው በሐቅ የተሠሩ፣ ሠዓሊያቸው ያልታወቀ ሥራዎች ሲሆኑ ሐሰቱ ከታች በቀኝ ጥግ የተጨመረው ስም ብቻ ነው።

ፊርማውን 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። ሥዕሉ ያረጀና የተሰነጠቀ ከሆነ ስንጥቁ ፊርማውንም አብሮ ሰንጥቆት ማለፍ አለበት፤ የፊደሉ ቀለም በስንጥቁ ግራና ቀኝ ተቆርጦ ይታያል። የፊርማው ቀለም ወደ ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከሞላው ግን የተጻፈው ሥዕሉ ካረጀ በኋላ ነው። ይህን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ገዢ ግን አያየውም። ሌላው ምልክት ፊርማው ከቫርኒሹ (ሥዕሉን ለመጠበቅ ከላይ ከሚቀባው ጥርት ያለ ሽፋን) ወይም ከቆሻሻው በላይ መቀመጡ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ እንዲህ ያለው ፊርማ ከሥዕሉ ተነጥሎ ጥቁር ሆኖ የተንሳፈፈ ይመስላል። ከጎኑ የተፋቀ ወይም ከአካባቢው ይልቅ የለሰለሰ ቦታ ካለም ሌላ ስም ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

አጻጻፉንም ማንበብ አይርሱ። በኒውዮርክ ኖድለር ጋለሪ በኩል ከተሸጡት ሐሰተኛ ሥራዎች አንዱ ላይ የአሜሪካዊው ሠዓሊ የጃክሰን ፖሎክ ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር የተፈረመው። ሥዕሉ በባለሙያ እጅ አልፎ፣ ተከፍሎበት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ያለ ላብራቶሪ እኔ ራሴ ምን ማየት እችላለሁ?

ከሚጠብቁት በላይ። የሚያስፈልግዎት የእጅ ባትሪ፣ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ሜትር፣ እና 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት መብራት ነው። (ርካሾቹ 395 ናኖሜትር የሆኑት ብዙ ወይን ጠጅ ብርሃን ስለሚረጩ ስስ ልዩነቶችን ይሸፍናሉ።) ከሁሉ በፊት ግን ሻጩን ፍሬሙን እንዲያወጣው ይጠይቁ። «አይወጣም» የሚል መልስ ካገኙ ስለ ሻጩ አንድ ነገር አወቁ ማለት ነው።

ከጀርባው ይጀምሩ። ፎርጅድ ሠሪ ፊቱ ላይ የሚለፋውን ያህል ጀርባው ላይ አይለፋም። ያረጀ መወጠሪያ እንጨት አየርና ብርሃን ባገኘው በኩል ይጠቁራል፤ በሸራው ተሸፍኖ የኖረው ክፍል ግን ፈካ ብሎ ይቀራል። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ቡናማ ከሆነ በሻይ፣ በቡና ወይም በእንጨት ቀለም ተነክሯል ብለው ይጠርጥሩ። ሸራው በአጫጭር ምስማሮች ነው የተያዘው ወይስ በስቴፕለር ሽቦ? በስቴፕለር የተወጠረ «የ1890 ሥዕል» ወይ በኋላ እንደገና ተወጥሯል ወይ የ1890 አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ ሻጩ በሰነድ ማስረዳት አለበት። የቆዩ የምስማር ቀዳዳዎች በእንጨቱም በሸራውም ላይ ካሉ ቦታቸው መገጣጠም አለበት። ሸራው ላይ ኖረው እንጨቱ ላይ ከሌሉ ሁለቱ አብረው አላረጁም።

ቀጥሎ ባትሪውን ከጎን፣ ከሥዕሉ ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ዝቅ አድርገው ያብሩት። የቡርሹ ጉብታ፣ የተጠገነ ቀዳዳ፣ ከሥር ያለ የሌላ ሥዕል ቅርጽ በጥላው ይወጣል። በሸራ ላይ የታተመ ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጉብታው ከሥዕሉ ጋር አይሄድም፤ አንዳንዱ ላይ ቡርሽ እንዲመስል ጥርት ያለ ጄል ተቀብቶበት ታገኙታላችሁ፣ የጄሉ አቅጣጫ ግን የፊቱን ወይም የዛፉን ቅርጽ አይከተልም።

በመጨረሻ ክፍሉን አጨልመው አልትራቫዮሌቱን ያብሩ፤ መብራቱን ፊት ለፊት አይመልከቱ። ያረጀ የተፈጥሮ ሙጫ ቫርኒሽ ቢጫ አረንጓዴ ጭጋግ ይመስላል። በኋላ የተነካካ ቦታ በዚያ ጭጋግ ላይ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ጎልቶ ይወጣል። ዚንክ ነጭ የሚባለው ቀለም ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። ወረቀት ከሆነና በደማቅ ሰማያዊ ነጭ ከበራ ማንጪያ ኬሚካል አለበት፤ ይህ ወረቀት ውስጥ በስፋት የገባው ከ1950 ገደማ ወዲህ ስለሆነ «በ1910 የተሣለ» ሥራ በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ሊገኝ አይችልም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አልትራቫዮሌትን የሚሸፍን ቫርኒሽም ይሸጣል። ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አረንጓዴ ሆኖ ምንም ካላሳየ «ንጹሕ ነው» ሳይሆን «አላየሁም» ብለው ይመዝግቡት።

ማድረግ የሌለብዎት፦ በአልኮል ወይም በአሴቶን በተነከረ ጥጥ ቀለሙን መሞከር። በቪዲዮ ቀላል ይመስላል። እውነተኛውንም ሥዕል ያበላሻል፣ የመመለስ መብትዎንም ያሳጣዎታል።

ስንጥቅ መኖሩ ዕድሜውን አያሳይም?

ስንጥቅ በሰው እጅ ይሠራል። የዘይት ቀለም በጥቂት ቀናት ውስጥ ለጣት ደረቅ ይሆናል፤ እስከ ውስጡ ለመጠንከር ግን አሥርት ዓመታት ይፈጃል፤ ፎርጅድ ሠሪ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ሆላንዳዊው ሃን ቫን ሜኸረን መላ አገኘ። የዘይቱን ቦታ ቤክላይት በሚባለው ፕላስቲክ መሥሪያ በሆኑት በፌኖልና በፎርማልዲሃይድ ተካው፣ በምድጃ አጋገረው፣ በሲሊንደር ላይ ጠቅልሎ ሰነጠቀው፣ ስንጥቁንም ጥቁር ቀለም አጠጣው። ከእነዚያ ሥራዎች አንዱን በ1937 የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የቬርሜር ድንቅ ሥራ ነው ብሎ የመሰከረለት ማን ነበር? ቀደም ብለን የጠቀስነው ብሬዲየስ። ሥዕሉን የሮተርዳሙ የቦይማንስ ሙዚየም ገዛው። ቫን ሜኸረን የተጋለጠው ከጦርነቱ በኋላ ነው፤ ሌላውን «ቬርሜር» ለናዚው ባለሥልጣን ለጎሪንግ የሀገር ቅርስ ሸጠሃል ተብሎ በ1945 ሲያዝ፣ «የሠራሁት እኔ ነኝ» ብሎ ራሱ ተናገረ።

እውነተኛ ስንጥቅ ምክንያት አለው። ሸራው ከመወጠሪያው ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት መስመር ይከተላል፣ ማዕዘኖቹ ላይ ሰያፍ ይሆናል፣ ወፍራምና ስስ ቀለም ላይ ይለያያል፣ ከላይኛው ቀለም አልፎ እስከ መሠረቱ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ እስከሚቀባው ሽፋን) ይወርዳል። የተቀነባበረው ግን ብዙ ጊዜ በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት መረብ ነው፣ በስንጥቁ ውስጥ ያለው ጥቁረትም እኩል ነው። የቤት አቧራ ግን እኩል አይገባም።

የላብራቶሪ ምርመራ ቁርጡን ይነግረኛል?

«ሐሰት ነው» ሊልዎት ይችላል፤ «የእገሌ ነው» አይልዎትም። ምርመራው የሚሠራው በቀለሞች የልደት ቀን ነው። የፕሩሺያ ሰማያዊ ከ1704 እስከ 1706 ባለው ጊዜ በርሊን ውስጥ ተገኘ። ኮባልት ሰማያዊን ፈረንሳዊው ኬሚስት ቴናር የሠራው በ1802 ነው። ሰው ሠራሽ አልትራማሪን በ1820ዎቹ መጨረሻ መጣ። ቲታኒየም ነጭ የሠዓሊ ቱቦ ውስጥ የገባው በ1920ዎቹ፣ ፍታሎ ሰማያዊ ለገበያ የወጣው በ1935 ነው። ሥዕሉ ላይ ከተጻፈው ዓመት በኋላ የተወለደ ቀለም ከተገኘ ክርክሩ አለቀ። ከቫን ሜኸረን «ቬርሜሮች» በአንዱ ላይ ኮባልት ሰማያዊ የተገኘው እንዲህ ነው።

የጀርመናዊውን ፎርጅድ ሠሪ የቮልፍጋንግ ቤልትራኪን ጉዳይ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በ2006 ኮሎኝ ውስጥ በጨረታ በ2.88 ሚሊዮን ዩሮ የተሸጠው ሥዕል የጀርመናዊው ሠዓሊ የሃይንሪሽ ካምፔንዶንክ የ1914 ሥራ ተብሎ ነበር። ቤልትራኪ የቀለሞችን ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል፣ ለዘመኑ የሚስማማ ዚንክ ነጭም ነበር የተጠቀመው። ነገር ግን የገዛው ቱቦ ላይኛው ጽሑፍ ያልጠቀሰው ጥቂት ቲታኒየም ነጭ ነበረበት። ገዢው ምርመራ አስደረገ፣ ቲታኒየሙ ተገኘ፣ በ2011 ቤልትራኪ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ምርመራው የመጣው ግን ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

ውጤቱን ሲቀበሉ ናሙናው ከየት እንደተወሰደ በፎቶ ምልክት ተደርጎ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ቲታኒየም ነጭ በጥገና ቦታ ላይ ቢገኝ ሥዕሉን አይኮንነውም፤ ጠጋኙ በ1960 የተጠቀመው ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ቀለም ሥር፣ ከመሠረቱ ላይ ቢገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ናሙና ሳይወሰድ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የሚደረገው ምርመራ ርካሽና ፈጣን ነው፤ የሚያየው ግን ንጥረ ነገሮችን ብቻ ነው፣ የትኛው ሽፋን ላይ እንዳሉም አይለይም። ካርቦን የያዙ ዘመናዊ ቀለሞች ብዙዎቹ ያመልጡታል። ኢንፍራሬድ ከቀለሙ ሥር ያለውን የእርሳስ ንድፍ ያወጣል። ኤክስሬይ ደግሞ ሠዓሊው ሐሳቡን የለወጠበትን ቦታ ያሳያል፤ የገለበጠ ሰው ሐሳቡን አይለውጥም፣ መድረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋልና።

ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1963 የተደረጉት የአየር ላይ የኒውክሌር ሙከራዎች በከባቢ አየር ያለውን ካርቦን 14 ከፍ ስላደረጉት ከዚያ በኋላ ከበቀለ ተልባ የተጨመቀ ዘይት ምልክቱን ይዞ ይገኛል። በ2019 የዙሪክ ተመራማሪዎች ከአንድ ሚሊግራም ባነሰ የቀለም ናሙና አንድ ሐሰተኛ ሥዕል በዚህ መንገድ አጋልጠዋል። ያረጀ ሸራ መግዛት ይቻላል፤ ያረጀ ዘይት ግን አይገዛም።

የባለቤትነት ታሪኩ በወረቀት ተሟልቶ ቀርቦልኛል። ከዚህ በላይ ምን ልጠይቅ?

ወረቀቱን ያቀረበልዎት ማን እንደሆነ። ሻጩ በእጁ የሰጠዎት ወረቀት ሁሉ የሻጩ ቃል ነው። ማስረጃ የሚሆነው እርስዎ ራስዎ ሌላ ቦታ ሄደው ያገኙት ሲሆን ነው። እኛ ለገዢዎች ደጋግመን የምንለው ይህን ነው፦ ትልልቆቹን የዘመናችን ማጭበርበሮች ያሳካቸው ከቡርሹ ይልቅ ወረቀቱ ነው።

ቤልትራኪና ባለቤቱ ሥዕሎቹ ከጀርመናዊው የሥዕል ነጋዴ ከአልፍሬድ ፍሌክትሃይም ስብስብ የመጡ እንዲመስሉ መለያ ወረቀት አሳትመው ከጀርባ ለጥፈዋል፤ ባለቤቱም እንደ አያቷ ለብሳ ሥዕሎቹ በተሰቀሉበት ክፍል ተቀምጣ በአሮጌ ወረቀት የታተመ ፎቶ ተነሥታለች። ጆን ድሩ የተባለው እንግሊዛዊ ከዚህም አልፎ ወደ ቤተ መዛግብት ገብቶ ሐሰተኛ ሰነዶችን ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቀለ፤ ሠዓሊው ጆን ማየት የሳላቸው ሥራዎች ሲጣሩ መዝገቡ ራሱ «አዎ» ብሎ እንዲመልስ ማለት ነው። ድሩ በ1999 ተፈረደበት። የእንግሊዙ የቦልተን ሙዚየም ደግሞ በ2003 ወደ 440,000 ፓውንድ ከፍሎ የገዛት፣ የጥንት ግብፅ ሥራ የተባለችው «የአማርና ልዕልት» ሐውልት ላይ ወረቀቱ እውነተኛ ነበር፦ የ1892 የጨረታ ካታሎግ፣ ውስጡም በጥቅሉ የግብፅ ምስሎች የሚል መስመር። ሐውልቷ ግን አዲስ ነበረች። እንዲህ ያለ ልቅ መግለጫ ማንኛውንም ዕቃ ይሸከማል፤ መጠኑ፣ ማቴሪያሉና ፎቶው የሌለበት የድሮ ካታሎግ ዕቃውን አይመሰክርም።

እንግዲህ እያንዳንዱን ባለቤት በተራ ይጻፉ፦ ማን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እንዴት እንዳገኘው፣ የትኛው ሰነድ እንደሚያሳይ። ክፍተት መኖሩ ብቻውን ሐሰት አያደርገውም፤ ሰው ደረሰኝ ይጥላል። ክፍተቱ ከ1933 እስከ 1945 አውሮፓ ውስጥ ከሆነ ግን የናዚ ዘመን ዝርፊያ ጥያቄ ስለሚያስነሣ ያለ ማጣሪያ አይለፉት። የጋለሪ መለያ ላይ ያለው አድራሻ በዚያ ዓመት የጋለሪው አድራሻ ነበር? የስልክ ቁጥሩ አሃዝ ብዛት ለዘመኑ ልክ ነው? «ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ሰብሳቢ» የሚለውንም እንደ ባለቤት አይቁጠሩት። ኖድለር ከ165 ዓመት በኋላ በ2011 የተዘጋው እንዲህ ያለውን ስም የለሽ ሰብሳቢ ለዓመታት አምኖ ነው፤ ከአንዲት አቅራቢ የመጡት ሐሰተኛ ሥራዎች በድምሩ 80 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጠዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ሥዕሉ ነው። በ2022 የአሜሪካው ኤፍቢአይ ከኦርላንዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም አሜሪካዊው ሠዓሊ ባስኪያ ሠራቸው የተባሉ 25 ሥራዎችን ወሰደ። ከእነሱ አንዱ የተሣለበት ካርቶን ጀርባ ላይ የታተመው የዕቃ አድራሹ ኩባንያ የፌዴክስ ጽሑፍ ኩባንያው ከ1994 በፊት ባልተጠቀመበት የፊደል ቅርጽ ነበር። ባስኪያ የሞተው በ1988 ነው።

ካታሎግ ሬዞኔ ውስጥ ከሌለ ፎርጅድ ነው?

የግድ አይደለም፣ ግን ለመሸጥ ያስቸግራል። ካታሎግ ሬዞኔ የአንድ ሠዓሊ ሥራዎች ሙሉ መዝገብ ነው። አንዳንድ ሠዓሊ የሚጋጩ በርካታ መዝገቦች አሉት፤ ለጣሊያናዊው ሠዓሊ ለሞዲሊያኒ ለምሳሌ ገበያው አምኖ የሚቀበለው የአጥኚውን የቼሮኒን ዝርዝር ነው፣ ከእሱ ውጭ ያለ ሥዕል ሁሉ በጥርጣሬ ይታያል። በ2017 ጄኖቫ ላይ በሞዲሊያኒ ኤግዚቢሽን ከቀረቡት መካከል 21 ሥራዎች በባለሥልጣናት መያዛቸውን ያስታውሱ። የሠዓሊው መዝገብ ገና በዝግጅት ላይ ከሆነ ሻጩ ሥራው እንዲካተት መጠየቁን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቁት። መዝገቡን ሲያዩ በፎቶ ብቻ አይርኩ፤ መጠኑን በሴንቲሜትር ያመሳክሩ። አንድ ሁለት ሴንቲሜትር በእድሳት ሊጠፋ ይችላል፣ አሥር ሴንቲሜትር ግን ሌላ ሥዕል ነው።

የሠዓሊዎቹ የወርሆልና የባስኪያ ሥራዎች የማረጋገጫ ኮሚቴዎች በ2012 ሥራቸውን አቁመዋል። ከዚያ በኋላ ቀን ያለው የእነሱ «ማረጋገጫ» ቢቀርብልዎት ንባቡን እዚያው ያቁሙ።

የኦሪጅናልነት ሰርተፍኬት ዋጋ አለው?

ዋጋው የፈረመው ሰው ዋጋ ነው። ሻጩ ራሱ አትሞ የፈረመው ሰርተፍኬት ከደረሰኝ አይበልጥም። የሚረባ ሰርተፍኬት የሥራውን ፎቶ፣ መጠን፣ ማቴሪያልና ቀን ይዞ በሠዓሊው፣ በወራሾቹ ወይም በታወቀ የዘርፉ አጥኚ የተፈረመ ነው። ፈራሚው በሕይወት ካለ ይጠይቁት፤ አድራሻውን ግን ከሰርተፍኬቱ ላይ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ያግኙ።

በጨረታ ካታሎግ ላይ ያሉትን ቃላት እንዴት ልረዳቸው?

ቃል በቃል። የሠዓሊው ሙሉ ስም ብቻ ከተጻፈ ጨረታ ቤቱ «የእሱ ነው» እያለ ነው። «የእሱ እንደሆነ የሚገመት» ማለት ይጠራጠራሉ ማለት ነው። «ከስቱዲዮው» በእሱ ሥር ሌላ ሰው ሠራው። «ከአካባቢው» በዘመኑ የነበረ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው። «ተከታይ» ተማሪው ላይሆንም ይችላል። «በእሱ ስልት» ሲባል ዘመኑም ብዙ ሊርቅ ይችላል፤ «ከእሱ የተወሰደ» ደግሞ ቅጂ ነው። «ፈርሟል» እና «ፊርማ አለበት» የሚሉትም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ፊርማው የሌላ እጅ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጨዋ አነጋገር ነው። ዋጋው በእነዚህ ቃላት መካከል በብዙ እጥፍ ይወርዳል።

ትልልቆቹ ጨረታ ቤቶች ክሪስቲስና ሶዝቢስ የሠዓሊውን ስም ለአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጡበታል፤ ዋስትናው ግን የሚሸፍነው በርዕሱ ላይ በደማቁ የተጻፈውን ነው፣ ከሥር ያለውን ሐተታ አይደለም፤ ከላይ ያሉት የጥርጣሬ ቃላትም ሽፋኑን ያጠቡታል። የሽያጭ ውሉን ከመጫረትዎ በፊት ያንብቡ፤ በመዶሻው ዋጋ (ጨረታው በተዘጋበት ዋጋ) ላይ የሚጨመረውን የገዢ ኮሚሽንም ያስሉ።

በቁጥር የተፈረመ ህትመት ከሥዕል ይልቅ አስተማማኝ አይደለም?

እንዲያውም ለጀማሪ ገዢ ወጥመዱ የሚበዛው እዚህ ነው። በእርሳስ የተጻፈ «12/75» (ከ75 ቅጂዎች 12ኛው) እና ፊርማ ማንም ሊጽፈው ይችላል። ሳልቫዶር ዳሊ በሺዎች በሚቆጠሩ ባዶ ወረቀቶች ላይ ፈርሟል፤ ስለዚህ በእሱ ህትመቶች ላይ እውነተኛው ፊርማ ራሱ ስለ ምስሉ ምንም አይናገርም።

በማጉያ መነጽር ምስሉን ይዩ። በመደዳ የተሰለፉ የሰማያዊ፣ ሮዝ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች ካሉ የታተመው እንደ መጽሔት ነው። የተበተኑ በጣም ጥቃቅን የቀለም ጠብታዎች ከሆኑ ኢንክጄት ነው። በድንጋይ የተሠራ ሊቶግራፍ እንደ ክሬዮን ያለ መደበኛ ያልሆነ ፍንጣሪ አለው። በብረት ሰሌዳ የተቀረጸ ከሆነ ቀለሙ ከወረቀቱ ከፍ ማለቱ ከጎን በባትሪ ሲበራ ይታወቃል (ምስሉን በጣት አይንኩ)፣ ሰሌዳው ወረቀቱን የተጫነበት ጠርዝም ዙሪያውን ይታያል። የተጫነ ጠርዝ ግን በባዶ ሰሌዳ ሊሠራ ስለሚችል ብቻውን አይመኑት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው የውኃ ምልክቱን ያንብቡ፣ የወረቀቱን መጠንና የእትሙን ብዛት ከህትመቶች መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። መዝገቡ 50 ታትሟል ካለ «61/100» የሚባል የለም። በፍሬም ውስጥ ህዳጉ ተሸፍኖ የሚሸጥ ህትመት ብዙ ጊዜ ከመጽሐፍ የተቆረጠ ገጽ ነው።

የነሐስ ሐውልትስ?

ካለቀ ሐውልት ላይ ሻጋታ ተወስዶ እንደገና የተቀለጠ ቅጂ ከመጀመሪያው በጥቂት በመቶ ያንሳል፤ ነሐስ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራልና። ስለዚህ ቁመቱን በካሊፐር (በመንጋጋው ይዞ በሚለካ መሣሪያ) ለክተው ከታወቀ ቅጂ ጋር ያወዳድሩ፤ ዝርዝሩም ይደበዝዛል፣ የጣት አሻራና የመሣሪያ ጭረት ይለሰልሳል። የማቅለጫ ቤቱ ማኅተም አብሮ ስለሚገለበጥ ማኅተሙ ብቻ አይበቃም። ፈረንሳይ ውስጥ ኦሪጅናል ተብሎ የሚቆጠረው ቢበዛ 12 ቅጂ ነው፦ 8 በቁጥር፣ 4 ለሠዓሊው።

ኢንተርኔት ላይ አይቼ ልግዛ?

ይቻላል፣ ግን የተላከልዎትን ፎቶ ሳይሆን የጠየቁትን ፎቶ ይዩ። ጀርባው በሙሉ፣ አራቱ ጠርዞች፣ ፊርማው ከቅርብ፣ ከጎን በባትሪ የበራ፣ መለያዎቹ ሊነበቡ በሚችሉበት ርቀት። የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከሥዕሉ አጠገብ ተቀምጦ እንዲነሣም ይጠይቁ፤ ከሌላ ድረ ገጽ ፎቶ ሰርቀው የሚሸጡ ሰዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። ፎቶውን በምስል ፍለጋ ያስገቡት፤ ያው ሥዕል ከሁለት ዓመት በፊት «ሠዓሊው ያልታወቀ» ተብሎ በትንሽ ጨረታ ተሽጦ ካገኙት ፊርማው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ክፍያን በተመለከተ አንድ የተለመደ ሌብነት አለ። የጋለሪው ኢሜይል ተጠልፎ፣ እውነተኛው ደረሰኝ በመጣ በሰዓታት ውስጥ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» የሚል ሁለተኛ ኢሜይል ይደርስዎታል። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው የሒሳብ ቁጥሩን አሃዝ በአሃዝ ያረጋግጡ። ለማያውቁት ሻጭ ገንዘቡን ሦስተኛ ወገን ይዞ ዕቃው ሲደርስ የሚለቅበትን መንገድ ይምረጡ።

ከመክፈሌ በፊት በጽሑፍ ምን ይኑረኝ?

ደረሰኙ የሠዓሊውን ስም ያለ «ይገመታል» ይጻፍ። ርዕስ፣ ዓመት፣ ማቴሪያል፣ መጠን፣ ፎቶ፣ የእስካሁኑ ባለቤቶች ዝርዝርና የታወቀ ጥገና ይካተት። ሻጩ የመሸጥ ሙሉ መብት እንዳለው፣ ከዕዳና ከይገባኛል ጥያቄ ነፃ መሆኑን ይፈርም። ከሁሉ የሚረሳው የመመለሻ አንቀጹ ነው፦ ሥራው የተባለው ሠዓሊ እጅ እንዳልሆነ ቢታወቅ በስንት ዓመት ውስጥ፣ በማን ውሳኔ፣ ሙሉው ገንዘብ እንደሚመለስ። «በማን ውሳኔ» የሚለው ካልተጻፈ ሁለት ባለሙያ በሁለት ቃል ቆሞ ዓመታት ይነጉዳሉ። በ2011 በሶዝቢስ በኩል 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የተሸጠ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊ የፍራንስ ሃልስ ነው የተባለ ሥዕል በ2016 ዘመናዊ ቀለም ተገኝቶበት ጨረታ ቤቱ ለገዢው ገንዘቡን መልሷል፤ እንዲህ የሚሆነው ውሉ ሲኖር ነው።

ከስርቆት ጋር ለማጣራት የኢንተርፖል አይዲ አርት የተባለው የስልክ መተግበሪያ ነፃ ነው። የአርት ሎስ ሬጅስተር ደግሞ በክፍያ ፈልጎ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። እዚያ አለመገኘቱ አልተሰረቀም ማለት አይደለም፤ ከሕገ ወጥ ቁፋሮ የወጣ ዕቃ መዝገብ ውስጥ ሊኖር አይችልም፣ ማንም ሳያየው ነው ከመሬት የወጣው።

ገዝቼው ፎርጅድ ነው ብል ምን ላድርግ?

አያጽዱት፣ አያስጠግኑት፣ መለያዎቹን አይንቀሉ። የነበሩበትን ሁኔታ ፎቶ አንሥተው፣ ማስታወቂያውን፣ ኢሜይሉንና የባንክ ማስረጃውን ሰብስበው ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ። ሥዕሉን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይመልሱ፤ ተመልሶ «ሌላ ሥዕል ነው ያመጣህልኝ» የሚል ሻጭ አለ። የምርመራውን ሰው እርስዎ ይምረጡ፣ ሻጩን በጽሑፍ ያሳውቁት። የክስ ማቅረቢያ ጊዜ በብዙ ሀገር ሕግ የሚቆጠረው ከገዙበት ቀን ስለሚሆን የሕግ ሰው ማማከሩን ለውጤቱ ቀን አያቆዩት። ለሌላ ሰው ደግሞ አይሽጡት፤ እያወቁ ከሸጡት የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።